«አሉ» ሲጠብቅ

«ልጄን የላክኋት ልትማር ነው ወይስ ልትጫወት?!»

ልብስ ሰፊው በሩን በርግዶ ነው ክፍል የገባው...

ተማሪዎቹ ወንበር ላይ ቆመዋል። አስተማሪዋ ጫማዋን አውልቃ መሃላቸው ትዘላለች። ይሄ እንግዲህ የቋንቋ ክፍለ ጊዜ መሆኑ ነው!

ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ተጽፏል... «ሰፊ»።

ጨዋታው ቀላል ነው። ቃሉ ጠብቆ ሲነበብ እጅ ይጨበጣል፤ ላልቶ ሲነበብ መዳፍ ይዘረጋል። «ሰፊ» ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው፤ ሲላላ ደግሞ ልብስ የሚሰፋ ሰው።

እና ሰውየው ገና ብቅ ሲል አንዱ ቀበጥ «ሰፊ መጣ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ መዳፉን ዘርግቶ በሳቅ ፈነዳ።

የተዘረጋው እጅ ሁሉ በሙያው የሚሳለቅ መሰለው። ደሙ ፈላ።

«በወላጅ እንዲስቁ ነው የምታስተምሪያቸው?»

«ኧረ በፍጹም ጋሼ! ጨዋታው እኮ... አንዴ ላስረዳዎት...»

«ዝም በይ! ጨዋታሽን ለራስሽ!»

ነገሩን እንደ ዋዛ አልተወውም። ወላጆችን ቤት ለቤት ዞሮ አሳደመ። «እሷ ካልተነሳች ልጆቻችንን እናስወጣለን» ብለው ርዕሰ መምህሩን ወጥረው ያዙት።

ቤቱ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበር...

አባቱ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበታቸው ተዘግቶ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ ሊመክር አልጋቸው ዙሪያ ተሰበሰበ።

እህቱ ጀመረች። «እስቲ እውነቱን እንነጋገር... አባባ እኮ የሉም። አይሰሙም፣ ሰው አይለዩም። የአረጋውያን መጠለያ ቢገቡ ምን ይጎድልባቸዋል?»

ልብስ ሰፊው አንጀቱ እያረረ «እንግዲህ... ይሁን» አለ።

ይሄኔ ትንሿ ልጁ ወደ አያቷ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«አያቴ... ‹አባባ አሉ› ብዬ ብጽፍ... ይላላል ወይስ ይጠብቃል?»



«አሉ» ሲላላ ተናገሩ ማለት ነው። ሲጠብቅ ግን... እዚህ ናቸው፣ በሕይወት አሉ።

አዛውንቱ ዓይናቸውን ገለጡ። የደህነኛዋ እጃቸው ጣቶች ቀስ በቀስ ታጠፉ...

ጨበጡ! «ይጠብቃል ማለታቸው ነው!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

እንባቸው ትራሱ ላይ ወረደ። ሲሰሙ ነበር የኖሩት... ሁሉንም!

እህትየዋ እግራቸው ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች።

«ማን አስተማራቸው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እኔ ነኛ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁሌ እንጫወታለን።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ በረረ። ክሱን ሊያነሳ፣ አስተማሪዋ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ሊለምን...

ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ልጆቹ አቀርቅረው ከሰሌዳ ይገለብጣሉ። ፊት ለፊት የቆመው ሌላ አስተማሪ ነው።

«አርብ ዕለት አሰናበትናት። ያላችሁት ሆነ» አለው ርዕሰ መምህሩ።

«ጨዋታው እኮ... አባቴን...»

«በፊት በጭብጨባ ነበር የምታጫውታቸው። ልጅህ ‹አያቴ የሚታዘዝላቸው አንድ እጃቸው ብቻ ነው፤ ማጨብጨብ አይችሉም› ብላ አለቀሰችባት። ለዚህ ነው ጨዋታውን በአንድ እጅ ያደረገችው። ለአንተ አባት ብላ!»



«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ለእኔም የነገረችኝ ስትሰናበተኝ ነው። ላንተ ግን ያን ቀን ልትነግርህ ነበር... አላስጨረስካትም።»

ወገኖቼ... ልጆች የሚስቁበት ክፍል ሁሉ ሥራ የተፈታበት አይደለም። ልጅ እየተጫወተ የተማረውን ቤቱ ድረስ ይዞት ይገባል፤ እየፈራ የሸመደደው ግን በር ላይ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ላስረዳ» ያለንን ሰው እናስጨርሰው። ለይቅርታ የምንሄድበት ቀን ሰውየው ላይኖር ይችላል።

እናንተስ... ሳታስጨርሱት የቀራችሁ ሰው አለ? ምን ሊላችሁ የነበረ ይመስላችኋል? እስቲ ኮመንት ላይ አጫውቱን።