ባፈና የፈታው ቀይ ሪባን

ይህን የነገረችኝ የባፈና ሚስት ቀጸላ ናት... ዋጫ ገበያ ልትሄድ መኪና ስትጠብቅ።

«ለሰው እንዳታወሪ» ብላ ነው የጀመረችልኝ። እኔም ይኸው ስንት ዓመት ይዤው ኖርኩ።

«ስድስት...» አለ ባፈና፣ ከፋ ውስጥ ማንኪራ ጫካ አንጋጦ ቆሞ።

ስድስት የገተማ ዛፍ... ስድስቱም ግንድ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል።

ስድስቱም ዛፍ ላይ ደግሞ አባቱ ያወረሱት ቀፎ ተሰቅሏል። ማሩ ሊቆረጥ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። በየስብሰባው «ኢንቨስተር ሊመጣ ነው» የሚባልበት ጊዜ።

በእነ ባፈና ሰፈር ዛፍ ላይ ነገር ማሰር ቀልድ አይደለም። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ የመረጠ ሰው ግንዱ ላይ ልጥ ወይም ጨርቅ ያስራል። ካሰረ... የሱ ነው። ማንም አይደርስበትም።

እና አሁን በባፈና ዛፍ ላይ ማን አሰረ?

ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገውም።

ሰሞኑን ጫካው ውስጥ ትሁት የምትባል ልጅ ትመላለስ ነበር። ከአዲስ አበባ መጥታ ቦንጋ አንድ የመንግሥት ቢሮ የምትሠራ። ሱሪዋን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ፣ ጎማው ወፍራም የሆነ ማውንቴን ሳይክል እየነዳች ዳገቱን ትወጣለች... ቁልቁለቱን ትወርዳለች... ቆማ ደብተር ላይ ትጽፋለች... ደግሞ ትነዳለች።

«ለቱሪስት የሳይክል መንገድ ልታወጣ ነው አሉ» አለችው ቀጸላ።

«ቱሪስት አብዷል? የመኪና መንገድ እያለለት ጭቃና ገደል ውስጥ ምን አገባው? ለኢንቨስተር መሬት እየለካች ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ራሷን አትጠይቃትም?»

«ሌባን ሰርቀሃል ወይ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?»

ወዲያው በሁለተኛው ቀን፣ ልጅቷ ራሷ ሳይክሏን አጥሩ ላይ አስደግፋ በራቸው ላይ ቆመች።

«ጋሽ ባፈና፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር... ንቦቹ ሰው ምን ያህል ሲጠጋቸው ነው የሚቆጡት?»

ባፈና ልቡ ደነገጠ። ይቺ ልጅ የዛፎቹን ባለቤት አውቃለች ማለት ነው።

«ምን ንብ አለ? ቀፎዎቹ ባዶ ናቸው።»

ትሁት ያበጠ ግንባሯን ዳሰስ አደረገች።

«እንግዲያው ቅድም የነደፈኝ ዝንብ ነው ማለት ነው።»

ቀጸላ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ባፈና ግን ገብቶ በሩን ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ ስድስቱንም ሪባን ፈታ።

ከታች በወንዙ በኩል ቀፎ ያልተሰቀለባቸው ዛፎች አሉ። ወስዶ እነሱ ላይ አሰራቸው... ጥብቅ አድርጎ።

ቤቱ ሲመለስ እጁን እያራገፈ «እነዚያን ትውሰድ» አለ። «የኔን አታገኝም።»

በዚያው ሳምንት ትሁት ለስልጠና ጅማ ሄደች። እሷ በሌለችበት ሠራተኞች ገጀራና አካፋ ይዘው ጫካ ገቡ።

ባፈና የገጀራ ድምፅ ሰምቶ ሮጠ...

ሲደርስ ከገተማዎቹ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሯል። አፈሩ ተገልብጧል። ንቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል... ሠራተኛው ጃኬቱን ተከናንቦ በየአቅጣጫው ይሮጣል።

«ምን እየሠራችሁ ነው? ማን ነው በዚህ ኑ ያላችሁ?»

የሠራተኞቹ አለቃ ሣህሌ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

«እኛ ምን እናድርግ ጋሼ? ቀይ ያለበት ጋ እንዳትደርሱ ተባልን... አልደረስንም።»

«ምን አልክ?»

«ቀይ ያለበት ንብ ያለበት ዛፍ ነው፣ በሩቁ ዙሩት ብላናለች ትሁት። ቀዩ ደግሞ ያለው ወንዙ ጋ ነው። እኛም በዚህ ዞርን።»

ባፈና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ...

ልጅቷ ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ የከረመችው፣ የሱን ቀፎ የማይነካ መንገድ ፍለጋ ነበር።

በሁለት ቀን ውስጥ የአራቱ ቀፎ ንብ ጥሎ ሄደ።

ትሁት ከጅማ እንደተመለሰች ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከቦንጋ የመጡት ኃላፊ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አራት ሠራተኛ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ሪባኑን የነካው ማን ነው?»

ባፈና ከኋላ ተቀምጧል። ቀጸላ «ተነስ» ብላ በክርኗ ጎሸመችው። ሊነሳ አሰበ... አልተነሳም።

ፊት ወንበር ላይ ትሁት ተነሳች።

«እኔ ነኝ። ሳስር ዝናብ ነበር... አቀያይሬ አሰርኩት።»



ሰው ሲበተን ባፈና ደጅ ጠበቃት። እሱ አፉን ሳይከፍት፣ የተቆራረጡትን ሪባኖች ከቦርሳዋ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ጋሽ ባፈና፣ እኔ የማውቀው የጫማ ማሰሪያ ቋጠሮ ነው። ይሄ ግን ቀፎ የሚሰቅል ሰው ቋጠሮ ነው። ብታገል አልፈታ ስላለኝ በቢላ ቆረጥኩት።»

«ታዲያ... ለምን?»

«ዛፎቹ የርስዎ ናቸው። እኔም ካሰርኩ በኋላ ሳይሆን ከማሰሬ በፊት መጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ።»

መጨረሻቸው ይኸው ነው...

ትሁትን በወሩ ደካ የምትባል ሩቅ ከተማ አዛወሯት፤ መዝገብ ቤት። ሳይክሉን ቢሮው ተረከባት።

የሣህሌ ዓይን ዳነ።

የሳይክል መንገዱ በወንዙ በኩል ወጣ። ዛሬም ፈረንጆች ጭቃ በጭቃ ሆነው ይነዱበታል።

ባፈና ከቀሩት ሁለት ቀፎዎች ማሩን ቆርጦ፣ ደካ ድረስ ተጉዞ ለትሁት ሰጣት። ለቀበሌው ግን እስከ ዛሬ አልተናገረም።

ከአራቱ ባዶ ቀፎዎች ንብ የተመለሰበት አንዱ ብቻ ነው።

ትምህርቱ... ሰውዬው በራችን ላይ ቆሞ እያለ ስለሱ በሆዳችን ከምንገምት፣ ራሱን «ምን እያደረግህ ነው?» ብንለው ስንት ነገር ይተርፍልን ነበር።

እናንተስ? ባፈና ማሩን ይዞ ደካ መሄዱ ይበቃዋል ትላላችሁ... ወይስ ያን ቀን ስብሰባው ላይ መነሳት ነበረበት?