ኦርኪዷን ማን አዞራት?

«ማነው ያዞራት?! ማነው እጁን የሰደደው?!»

ጩኸቴ መስኮቱን አንቀጠቀጠው... ሦስተኛው ቤት የተኛ ሕፃን ብድግ ብሎ «እኔ አይደለሁም!» አለ ይባላል።

(እኔ ሳወራ ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙ... የቆየ አመል ነው።)

ያቺ ኦርኪድ የምትባል አበባ የባለቤቴ ነበረች።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ብርዱ በገባ ቁጥር ታብብ ነበር። ሌላው ተክል ሁሉ ተኮራምቶ ሲተኛ፣ ኦርኪዷ ተኳኩላ ብቅ!

ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመቷ... ለእኔ ግን ቅጠል ብቻ!

ለመንኳት። ተቆጣኋት። የማባዣ ሰንጠረዥ ሳይቀር አነበብኩላት። ወይ ፍንክች!

ዘንድሮ ግን በዚያ ብርድ መሐል አንድ ዘንግ አወጣች... ዘንጉ ላይ ዘጠኝ እምቡጥ!

አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ቆጠራ ላይ አልሳሳትም። ዘጠኝ!

ወዲያው ለአበባ ወዳጆቼ ደወልኩ። እኛ ኦርኪድ የምናሳድግ ጡረተኞች በብርድ ወራት እሑድ እሑድ ተራ ገብተን አንዳችን የሌላችንን አበባ እናያለን። እናደንቃለን እንላለን እንጂ... እንቀናለን።

እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት እንዲያያቸው ብዬ የተተከለችበትን ሸክላ ይዤ እምቡጦቹን ወደ ሶፋው አዞርኳቸው።

ሁለት ቀን... ሦስት ቀን... ብመለከት ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው! ለእንግዳዬ ጀርባ!

መለስኳት። ዞረች።

መለስኳት። ደግሞ ዞረች።

በዚህ መሐል እምቡጦቹ ቢጫ እየሆኑ አንድ በአንድ ይረግፉ ጀመር።

ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ነን... እኔ፣ ልጄ እና ምራቴ። ልጄ፣ እንኳን አበባ የእግሩን ካልሲም አያይም። ስለዚህ...

«አንቺ ልጅ፣ አበባዬ ምን በደለችሽ?»

«አባባ፣ እኔ አልነካኋትም።»

«ታዲያ እግር አውጥታ ዞረች?»

«እኔ እንጃ አባባ። ጠዋት መድኃኒት ቤት ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ... መቼ ልንካት?»

«ኮራጅ ሁሉ እንደዚህ ነበር የሚለኝ!»

ልጄ ጣልቃ ገባ። «አባዬ ተው በናትህ! ሰው በአበባ ይጣላል?»

«አንተ ዝም በል፣ ጠበቃ!»

አንድ ወር ሙሉ ሰላምታዋን በግማሽ አፍ መለስኩ። ሳሎን ስትገባ በዓይኔ እከተላታለሁ፣ ልክ እንደ ፈተና ክፍል።

መጨረሻ ላይ ሳሎኑን ትታ በኩሽና በር መግባት ጀመረች።

እኔ ደግሞ «ይኸው! ጥፋት ባይኖርባት ለምን ትሸሸኛለች?» አልኩ።

ስድስት እምቡጥ ረገፈ። ሦስት ቀረ።

ተራዬ ደርሶ እንግዶቼ እሑድ ሊመጡ፣ ሰኞ ዕለት ዘዴ መጣልኝ...

ከኪሴ ጠመኔ እስከ ዛሬ አይጠፋም። እምቡጦቹን ወደ ሶፋው አዙሬ፣ ከሸክላው ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ የሚወርድ ቀጭን ነጭ መስመር አሰመርኩ። ሸክላውን በፀጉር ስፋት የነቀነቀ ሰው፣ መስመሩ አይገጥምለትም!

«እኔ ሳምንቱን ሙሉ አልነካትም። እሑድ ምራቴን በእንግዳ ፊት በማስረጃ እይዛታለሁ!»

እሑድ ደረሰ። ሦስቱም ፈክተዋል...

ፊታቸው ወደ መስኮቱ!

«ነይ እስቲ አንቺ! እዩልኝ እንግዲህ የዚህችን ልጅ ሥራ... እኔ ወደ ሶፋው ስመልስ እሷ ስታዞር ስድስቱ ረገፉ!»

ምራቴ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ከእንግዶቼ አንዱ ሰዓት ጠጋኝ ነው። የዓይን ማጉያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ።

«ቲቸር... መስመሩ አልተነካም።»

«ምን?»

«ሸክላው ካስቀመጥክበት ንቅንቅ አላለም። የዞረችው አበባዋ ናት።»

«በራሷ?»

«አንተ ሰውዬ! ሊፈካ ያለ እምቡጥ ብርሃን ወዳለበት ይዞራል። እሷ ወደ ብርሃኑ ስትዞር፣ አንተ ወደ ጨለማው ስትመልሳት... ስድስቱን እኮ ያረገፍካቸው አንተ ነህ!»

ይህቺን ሳትቀንሱ ስሙልኝ... ምራቴን ለማጥመድ ያሰመርኩት መስመር፣ እሷን ነፃ አውጥቶ እኔን ያዘኝ።

ይቅርታ ልላት ዞር ስል በሩ ላይ የለችም።

በሳምንቱ ልጄ ሻንጣ አንጠልጥሎ መጣ። «አባዬ፣ ቤት አግኝተናል» አለኝ።

ሁለቴ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። በሩን ከፈተችልኝ፣ ወንበር አቀረበችልኝ፣ «ችግር የለም አባባ» አለችኝ... ግን ያቺ «ችግር የለም» ከደጁ ብርድ ትብሳለች።

አሁን ኦርኪዷ መስኮቱ ላይ ናት፣ ፊቷ ወደ መንገዱ። እንግዳ ሲመጣ ጀርባዋን ያያል። ይየው!

ምራቴ ሥራ ስትሄድ በዚያ መንገድ ነው የምታልፈው። ሁለት ሳምንት ቀና ሳትል አለፈች።

ትናንት ጠዋት ግን... ቆመች።

ሦስቱን አበባ አንጋጣ አየቻቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ... አንድ ሰዓት ያህል!

(እሺ... ግማሽ ደቂቃ።)

ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

ወዳጆቼ፣ ትምህርቱ ይኸው... ሰው ለመያዝ መስመር ከማስመራችሁ በፊት የገዛ እጃችሁን ፈትሹ። ያለ ማስረጃ የፈረዳችሁበት ሰው ነፃ የወጣ ቀን፣ ከእናንተም ነፃ ይወጣል።

እናንተስ? ያልሠራውን ጥፋት የጫናችሁበት ሰው አለ? ሁለተኛ እንዲያምናችሁ ምን አደረጋችሁ?

ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... ቶሎ በሉ ታዲያ፣ ነገ ጠዋት በዚህ መንገድ ታልፋለች።