ጀግኒት የሚለው ስም

ድምፅ ማጉያ የጫነው ባለሦስት እግር ሪክሻ የዓሣ ገበያውን አልፎ ወደ ኩሬው ሲታጠፍ ሞርጂና ትሰማዋለች። ተነሥታ መስኮቱን ትዘጋለች።

«በዚህ ሙቀት?» ይላሉ ለልጃቸው ሚስት ሊያጩ የመጡት ሆስናራ፣ በሳሪ ልብሳቸው ጫፍ እያራገቡ። «ገና ሳንዛመድ ልታፍኚን ነው እንዴ?»

አገናኙ ሽማግሌ ይስቃል። ሞርጂናም ለመሳቅ ትሞክራለች። ልጇ ሼፋሊ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። እንደ ወጉ ተራምዳ አሳይታለች፤ ፀጉሯን ፈትታ አሳይታለች። የቀረው ሆስናራ ከቀረበው ጣፋጭ ቆርሰው እንዲያጎርሷት ነው፤ ያን ጊዜ የጋብቻው ነገር ያልቃል።

ድምፁ ይቀርባል። ነገ፣ በነፃነት ቀን፣ የሚሸለሙትን ሴቶች ስም እየጠራ ነው። ከየስሙ በፊት «ቢራንጎና» ይላል፤ ጀግኒት ማለት ነው። የነፃነቱ ጦርነት ያበቃ ሰሞን፣ ወታደሮች አስረው የደፈሯቸው ሴቶች በክብር እንዲጠሩ አዲሱ መንግሥት ያወጣላቸው ስም ነበር። ሞርጂና ያኔ ልጃገረድ ነበረች፤ ቃሉን ወዳው ነበር። መንደሯ ስትመለስ ግን ልጆች ከኩሬው ማዶ በዚያው ቃል ጠርተዋት እየሳቁ ሮጡ። መንደር ቀየረች። ባለፈው ወር ከዳካ የመጡ ተማሪዎች ሲጠይቋት የደረሰባትን ተናገረች፤ ሽልማቱንም እሺ አለች። በየሰፈሩ ዞረው እንደሚያውጁት አልነገሯትም።

«ጀግና ይበሏቸው እንጂ» ይላሉ ሆስናራ፣ ወደ ተዘጋው መስኮት በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ከእነሱ ቤት ማን ልጅ ይወስዳል?»

ሞርጂና የያዘችውን የውኃ ብርጭቆ ታስቀምጣለች።

«እትዬ፣ የሰው ነገር ይተዉት» ይላል አገናኙ። «ይልቅ ያጉርሷት፤ እኛም ምሳ ይድረሰን!»

ሆስናራ ስቀው ከጣፋጩ ይቆርሳሉ። እጃቸው ሲዘረጋ ሼፋሊ ብድግ ትላለች።

«ይቅርታ እትዬ፣ እውነትም ሙቀቱ ከብዷል።»

«ሼፋሊ፣ ተቀመጪ!» ትላለች ሞርጂና።

ሼፋሊ እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ ትዞራለች። «ተማሪዎቹ የመጡ ቀን ጓዳ ነበርኩ፣ እማዬ።»

መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች።

«ቢራንጎና ሞርጂና ኻቱን!» ይላል ድምፁ፣ ከአጥሩ ሥር።

ከሆስናራ ጣቶች የጣፋጩ ሽሮፕ ወደ እጅ አንጓቸው ይወርዳል፤ የዘረጉት እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል።

«አቤት» ትላለች ሞርጂና።