ሦስተኛው ተራራ

ፓክ ዋጊማን («ፓክ» በኢንዶኔዥያ «ጋሼ» እንደማለት ነው) የሥዕል መምህራን ጉባኤ ብለው ጃካርታ ሲመላለሱ ይኸው ዘጠኝ ዓመታቸው። አንድም ንግግር ግን እስከ መጨረሻው አዳምጠው አያውቁም። ከባቡር እንደወረዱ ቀጥታ የተማሪዎች ሥዕል ወደተሰቀለበት ኮሪደር ነው።

የሚፈልጉት ልጃቸውን ራትሪን ነው።

እዚህ አገር እርሳስ የጨበጠ ሕፃን ሁሉ የሚሥለው ያው ነው፤ ሁለት ተራራ፣ በመሀላቸው ፀሐይ፣ ከሥር የሩዝ ማሳ። ፓክ ዋጊማን ግን ፀሐይዋን ከግራው ተራራ ጀርባ በግማሽ ብቅ አድርገው ነው የሚያስተምሩት። በመንደራቸው የምትወጣው በዚያ በኩል ነዋ። ራትሪ ረዳታቸው ሆና ስታስተምር፣ አንድ ቀን በሥዕሉ ላይ የራሷን ነገር ልጨምር አለች። እሳቸውም «ሁለት ተራራ አልኩሽ፣ በቃ» ብለው በተማሪዎቹ ፊት ወረቀቷን ቀደዱባት። በማግስቱ ጃካርታ ገባች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ደብዛዋ ጠፋ።

የትም ብታስተምር፣ የትም ብትወልድ፣ ፀሐይዋን በግራ እንደምታወጣት አይጠራጠሩም። ችግሩ ጊዜው ነው። ለከርሞ ጡረታ ይወጣሉ፤ ጡረተኛን ደግሞ ማን ጉባኤ ይጠራዋል? ዘንድሮ ካላገኟት አለቀ።

የመጀመሪያው ቀን በከንቱ አለፈ። በሁለተኛው ቀን አዳራሽ ውስጥ ተናጋሪው በሁለቱ ተራሮች እያሾፈ ሰውን ሲያስቅ፣ ፓክ ዋጊማን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ፀሐይዋ በግራ ናት። በግማሽ።

በስተቀኝ ጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቡናማ ጉብታ አለች። በዚህና በዚያ ጫፏ ነጭ እንጨት ተተክሏል፤ አጠገቧ ነጭ አበባ ያላት ዛፍ ቆማለች። ሦስተኛ ተራራ መሆኑ ነው።

«ጨመረችበት» አሉ ለራሳቸው። «እልኸኛ፣ ጨመረችበት።» እንባቸው መጣ።

ከሥዕሉ ሥር የልጁ ስም «ባዩ»፣ ሁለተኛ ክፍል ይላል፤ የመምህርቱ ስም ሊሊስ። ሊሊስን የሩዝ ምሳዋን እየበላች አገኟት፤ ወጣት ናት። የባዩ እናት ራትሪ ትባል እንደሆነ ጠየቋት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለምን ፈለጓት፣ ፓክ?»

«ልጄ ናት።»

ሊሊስ መጀመሪያ ቁጭ ብለው እህል ይቅመሱ ብላ የምሳ ሳጥኗን ገፋ አደረገችላቸው። ዓይናቸውን ግን አታይም። ፓክ ዋጊማን ገባቸው፤ ራትሪ አስጠንቅቃታለች።

«አባቴ ከመጣ የት እንዳለሁ እንዳትነግሪው ብላሻለች፣ አይደል?»

«ኧረ ምንም አላለችኝም።»

«አልፈርድባትም» አሉ። «አላስቸግራትም፣ ደጇንም አልረግጥም። መልእክቴን ብቻ አድርሺልኝ። ሁለትም ሦስትም፣ አሥርም ተራራ ትሣል። አባትሽ ሦስተኛውን አይቶ ወደደው በያት።»

ሊሊስ የምሳ ሳጥኑን ከደነችው።

«እኔም ተራራ ሁለት ነው፣ ሦስተኛውን አጥፋው ብዬው ነበር፣ ፓክ» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «ባዩ ግን እምቢ አለኝ። ‹ተራራ አይደለም፣ እማዬ የተኛችበት ነው› አለኝ።»