አጥንቱን ፍለጋ

ምሕረቱ በተማሪዎቹ ሰልፍ ዕለት ከቤት እንደወጣ ከቀረ ሁለት ክረምት አልፏል። እናቱ አስካል በየሆስፒታሉና በየጣቢያው ስትንከራተት ከርማ ተስፋዋን ቆርጣለች። አንድ ጠዋት ፖሊሶች ቤቷ መጡ።

“ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖች ተገኝተዋል” አላት አንደኛው፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ። “የእርስዎን ምራቅ ከአጥንቱ ጋር እናመሳክራለን። ልጅዎ ከተገኘ ወስደው ይቀብሩታል።”

“ለሌላ ነገር አታውሉትም አይደል፣ ልጄ?”

“ለምን እናውለዋለን፣ እማማ?”

አፏን ከፈተችለት። ጉንጯን በጥጥ ጠረገና ጥጡን ብልቃጥ ውስጥ ከተተው።

ከወር በኋላ ጣቢያ አስጠሯት። ጥቁር ለብሳ፣ ለመገነዣ የሚሆን አዲስ አቡጀዲ በፌስታል ይዛ ሄደች።

“ውጤቱ ደርሷል። ልጅዎ ነው” አላት መርማሪው።

አስካል ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ብዙ አለቀሰች። ሲወጣላት ቀና ብላ “በሉ እንግዲህ፣ አጥንቱን ስጡኝና ልሂድ” አለች።

“የምን አጥንት? በሌላ ስም ታስሮ፣ የምትፈልጉት ምሕረቱ አይደለሁም እያለ ሲያደክመን የከረመ እስረኛ ነው። ምሕረቱ ለመሆኑ ማስረጃ ስላጣን ፍርድ ቤቱ ነገ ይፈታ ብሎ ነበር።”

በሩ ተከፈተና ምሕረቱን እጆቹ በካቴና እንደታሰሩ አስገቡት። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ ግን በሕይወት አለ። ፌስታሉ ከአስካል እጅ ወደቀ። ልታቅፈው ስትንደረደር ምሕረቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ዓይኑን መርማሪው ላይ ተከለ።

“እኚህን እናት አላውቃቸውም” አለ።