ሾፌሩ ማን ነበር?

ሀያት መኪናዋን ከዳገቱ ሥር አቁማ ትወርዳለች። የሾፌሩን በር እንደከፈተች ይዛ ትቆማለች።

«ና፣ አንተ ንዳት።»

በእውቀቱ ከጎኗ ወንበር ላይ ላፕቶፑን እንዳቀፈ ዞር ብሎ ያያታል። መኪናዋን የሸጠላት ድርጅት ከአዲስ አበባ የላከው ቴክኒሻን ነው። ጠዋት መካነ ሰላም ውስጥ፣ ሜዳ ሜዳውን ወዲያና ወዲህ ነድቷታል፤ ኮምፒውተሩንም ሰክቶ አይቷታል። «ካምቢዮው ጤነኛ ነው» አላት በመጨረሻ። «የአነዳድ ችግር ነው። የአነዳድ ችግርን ደግሞ ዋስትናው አይሸፍንም።»

«ወይዘሮ ሀያት፣ ያየሁት ይበቃኛል» ይላል አሁንም።

«እኔን ግን አይበቃኝም፣ ወንድሜ። ሜዳ ላይማ እኔም ችግር የለብኝም። ሲሞቅ ነው፣ ዳገት ሲያገኝ ነው የሚከዳኝ አልኩህ። ይኸው ሞቋል። ዳገቱም ይኸው።»

ከኋላ ወንበር ጉሮሮ የሚጠርጉት እማማ ቦጋለች ናቸው፣ የሀያት ጎረቤት። ግራ ክንዳቸው በጄሶ ታስሯል። ባለፈው ወር ሀያት ከሕክምና ስትመልሳቸው፣ እዚሁ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልወጣም አለች፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሀያት ፍሬን ይዛ ስታቆማት እማማ በድንጋጤ በሩን ከፍተው ዘለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው ያወራው ስለ ካምቢዮ አይደለም። «ሀያት አሮጊቷን ጣለቻቸው» ነው የተባለው። ከሱቋ ጨርቅ የሚገዙት ሴቶች ሳይቀሩ፣ ላድርሳችሁ ስትላቸው በእግራችን ይሻለናል ይሏታል።

«እማማ፣ እርስዎ ይውረዱ» ትላለች ሀያት። «እዚህ ይጠብቁን።»

«አልወርድም።»

«ብትንሸራተትስ?»

«ትንሸራተታ! ያን ቀን አንቺን ባምን ኖሮ ክንዴ ይተርፍ ነበር። ዛሬ አልዘልም። አብሽሪ፣ ግቢ።»

በእውቀቱ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀ ያያል። ከዚያ ላፕቶፑን አስቀምጦ ዞሮ መሪው ጋ ይቀመጣል። ሀያት ከጎኑ ገብታ በሩን ትዘጋለች።

ማርሹን ዲ ላይ አድርጎ ነዳጅ ይሰጣል። መኪናዋ በደህና ትነሳለች። የመጀመሪያውን ኩርባ ስታልፍ በእውቀቱ «አዩ?» ሊል አፉን ይከፍታል። ያኔ ሞተሩ ይጮኻል። ጨምሮ ይረግጣል፤ ጩኸቱ ይብሳል፣ መኪናዋ ግን ትደክማለች፣ ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

በእውቀቱ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ይረግጣል። የእማማ ቦጋለች ደህነኛ እጅ ወደ በሩ መክፈቻ ሄዶ ነበር። እዚያ ጥቂት ቆይቶ ይመለስና የሀያትን ትከሻ ይጨብጣል።

በእውቀቱ እንደገና ይሞክራል። ያው ነው። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። የእጅ ፍሬኑን ስቦ ግንባሩን በእጅጌው ይጠርግና ለአለቃው ደውሎ መኪናዋ ዳገቱን አልወጣ እንዳለች ይነግረዋል። ሰውየው ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከስልኩ አምልጦ ሁሉም ይሰማዋል።

«ዳገቱ ለእሷ መኪና አይሆንም በላትና ጨርሰህ ተመለስ።»

ሀያት ወደ ስልኩ ጠጋ ትላለች። «ስትሸጡልኝ መካነ ሰላም ነው የምወስዳት ብያችሁ ነበር። የትም ትወጣለች ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ!»

ሰውየው ለእሷ አይመልስም። «ለመሆኑ ማርሹን አስተካክላ አስገብታለች? ሾፌሩ ማን ነበር?»

በእውቀቱ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። እማማ ቦጋለች ዓይናቸውን አልነቀሉበትም።

«ሾፌሩ እኔ ነበርኩ» ይላል።

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው ያዞራል።

«ካምቢዮው ሲሞቅ አይዝም፣ ጌታዬ። በዋስትናው መቀየር አለበት። እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው።» ሰውየው አንድ ነገር ጮኾ ይዘጋበታል። በእውቀቱ ስልኩን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። «ይከራከሩዎታል፣ ወይዘሮ ሀያት። በቀላሉ አይለቁም።»

«ይከራከሩኛ። እኔስ ምላስ የለኝም? አንተ ብቻ ያየኸውን እንዳትውጠው።» ቁልፉን ነቅላ መዳፉ ላይ ታደርግለታለች። «ጭናችሁ ውሰዷት። ድና ይህን ዳገት እስክትወጣ ድረስ አልረከባችሁም።»

ከኋላቸው ገብስ የጫነ ፒክአፕ ቆሟል። ጭነቱ ላይ ገበያተኛ ሴቶች ተቀምጠዋል። ባለቤቱ አበጋዝ ወርዶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲሰማ ነበር። ነዳጅ ማደያው ላይ፣ ሰው መሃል፣ «እኔ ሚስቴን ከሀያት ጋር አላሳፍርም» ያለው እሱ ነው። ሁሉም ከወረዱ በኋላ መኪናዋን ከበእውቀቱ ጋር ገፍቶ ዳር ያስይዛል፤ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ከዚያ መዳፉን እያራገፈ ይመጣል።

«ግቡ፣ ከተማ ላድርሳችሁ።»

ሀያት አትነቃነቅም። «ሚስትህን አምነህ የማትሰጠኝ ሰውዬ፣ እኔ እንዴት ብዬ ልመንህ?»

አበጋዝ መሬት መሬቱን ያያል። ጭነቱ ላይ ካሉት ሴቶች አንዷ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች። አበጋዝ ግን አይቆጣም፤ የፒክአፑን ቁልፍ አውጥቶ ይሰጣታል።

«ንጂ» ይላታል። «አንቺው አውጪን።»

መልሷን ሳይጠብቅ ከኋላ ወጥቶ ጆንያው ላይ ከሴቶቹ መሃል ይቀመጣል፤ በእውቀቱም ላፕቶፑን ይዞ ይከተለዋል። እማማ ቦጋለች ጋቢና ቀድመው ገብተዋል።

ሀያት መሪውን ትይዛለች። ፍሪሲዮን ረግጣ በእጇ አንደኛ ማርሽ ታስገባለች፤ ቀና ብላ በመስታወቱ ወደ ኋላ ታያለች። እግሯን ቀስ ብላ ትለቃለች። ፒክአፑ ከነጭነቱ እያቃሰተ ዳገቱን ይጀምረዋል።

ከሴቶቹ አንዷም አልወረደችም።