ሃያ ሰው በአንድ መታጠቢያ ቤት

የስፕሬዩን ጣሳ እንደገና እንጠዋለሁ፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ትንቋቋለች። በገንዳው ጠርዝ ላይ የፕላስቲክ ሰዎች ተሰልፈው ያዩኛል። አንዳቸውም አውራ ጣቴን አያክሉም። ጠዋት ልስልስ ያሉ ነበሩ፤ አሁን ግራጫ አሸዋ ላይ የተንከባለሉ ይመስላሉ።

በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ነው። የእህቴ ባል እዚህ ከገባ ጋዜጣውን ከአርዕስቱ እስከ ሙት ዓመት ማስታወቂያው ሳይጨርስ ስለማይወጣ ሊቀመንበሩ ብዬዋለሁ። እጀታውን ከነብረቱ ፈታሁና ካልዘፈንክ አልከፍትም አልኩት። ሁለት ዘፈን ዘፈነ፤ ለሁለተኛው ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ፣ አንድ ውሻም አለቀሰ። መልሼ መግጠሙን ረሳሁት። ዛሬ ደግሞ ሽታው ቤቱን እንዳይሞላው ብዬ በሩን በገዛ እጄ ጓ አድርጌ ዘጋሁት። እጀታው ሳሎን በተሰቀለው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው።

እህቴ የሕንፃ ሞዴል ትሠራለች። ይሄኛውን፣ የቤተ መጻሕፍቱን፣ ከካርቶን ስትቆርጥ ሦስት ወር ከርማለች፤ የቀረው ደጃፉ ላይ የሚቆሙት ሃያ ሰዎች ናቸው። ወሳጁ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። አለቃዋ ባለፈው ስታረፍድ፣ «አንድ ጊዜ ከደገምሽው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሏታል። ቀለሙን የምትቀባቸው እሷ ናት፤ የእኔ ድርሻ ቀለሙ እንዲይዝላት ፕራይመሩን መርጨት ብቻ ነው። እሱንም ለምኜ ነው ያገኘሁት። ለአንድ ጄኔራል ሙሉ የፕላስቲክ ጦር ቀብቼለት፣ ስጨርስ አንዱ ወታደር ሰላምታ ሰጠኝ ብያታለሁ።

«ዘፈን!» ይላል ሊቀመንበሩ ከውጭ።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

«እኔም ትናንት ሥራ ላይ ነበርኩ።»

የእህቴ ነጠላ ጫማ በኮሪደሩ ሲጎተት እሰማለሁ።

«ስንቱ ደረሰ?»

«አልቀዋል በይ፣ እታለም። ሐር ሆነዋል። ዝንብ ብታርፍባቸው አዳልጧት ትወድቃለች።»

«በል ልክፈትልህ። እጀታውን ጃኬትህ ኪስ ውስጥ አግኝቼዋለሁ።»

«ቆይ! አቧራ ይገባል!»

መውጣት እፈልጋለሁ። ሽታው አናቴን ሊበረግደው ነው፤ መስኮቷ ድመት አታሳልፍም። ግን በሩ ከተከፈተ ትገባለች፤ ከገባች ታያለች።

አፌን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። «ስሚማ፣ አንድ ቀቢ አውቅ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ከእኔ ቀጥሎ። አንድ ቀን ፕራይመሩ አሸዋ አሸዋ አለበት። በምን የዳነ ይመስልሻል?»

ነጠላ ጫማዋ ወደ በሩ ጠጋ ይላል። «ሰውየው ከምን ያህል ርቀት ነበር የሚረጨው?»

«ክንዱን ዘርግቶ። የጀግና አረጫጨት።»

«ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቆበታላ። ከስንዝር ብዙ መራቅ አልነበረበትም። ክፍሉስ ደረቅ ነበር?»

ግድግዳውን አያለሁ። ውሃ በመስመር በመስመር ይወርድበታል።

«አቧራው እንዲተኛ ብሎ ሙቅ ውሃ ለቆ ነበር። ትንሽ። ግማሽ ሰዓት።»

«ጤና የለውም እንዴ ሰውየው?» ይላል ሊቀመንበሩ።

«ዝም በል እስቲ አንተ» ትለዋለች። ወደ እኔ ደግሞ፦ «መስኮቱን ይክፈት። ግድግዳውን በፎጣ ያድርቅ። አሸዋውን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጎ ይፈትግ፣ ይለቃል። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቁመው። ከዚያ ከጎን ጀምሮ ሽው እያደረገ ያሳልፍ፤ አንድ ቦታ ላይ እንዳይቆም።»

መስታወቱ ሥር ካሉት ብሩሾች የሊቀመንበሩን እመርጣለሁ። ቦርሳ የያዘውን ሰውዬ እፈትገዋለሁ። እውነትም ይለቃል፤ ኮቱ ብቅ ይላል፣ ከዚያ አፍንጫው።

«ሌላ ያጠፋው ነገር አለ?» ትላለች።

አለ። ፎጣው ሥር ነው። ባለ ጃንጥላዋ ቶሎ እንድትደርቅ ብዬ በእህቴ የፀጉር ማድረቂያ አነፈስኩባት፤ ጃንጥላው ቀልጦ ፊቷ ላይ ተደፋ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የምትቆመው እሷ ናት። እህቴ ቦታዋን ደረጃው ላይ በመርፌ ወግታ ጠብቃላታለች። ትርፍ የላትም።

ለዚህም ወሬ አዘጋጅቻለሁ። አንዲት ወፍ በመስኮት ገብታ፣ ጃንጥላውን ትል መስሏት...

በእጀታው ቀዳዳ በኩል የሆነ ነገር ይንኳኳል። ብረቱ ነው፤ ከማዶ እየተገፋ ጣት ያህል ብቅ ይላል።

«ራስህ ክፈተው» ትላለች። «ስትጨርስ።»

ብረቱን እይዘዋለሁ። ይቀዘቅዛል። በፎጣ ይዞ አንዴ ማዞር ይበቃል። ወፏ ምላሴ ላይ ቆማለች፣ ክንፏን ዘርግታ።

«እታለም» እላለሁ። «ባለ ጃንጥላዋን አቅልጫታለሁ።»

ሊቀመንበሩ እንኳ ዘፈን አይልም።

«እግሯስ?»

«እግሯ ደህና ነው። ጃንጥላዋ ነው።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?» ትለዋለች ባሏን።

«ሰባት ተኩል።»

ወለሉ ላይ ስትቀመጥ ይሰማኛል፤ ጀርባዋ በሩን ገፋ ያደርገዋል። «የቀሩትን ፈትግ። እሷን በበሩ ሥር ስጠኝ።»

እንበረከክና ባለ ጃንጥላዋን በጀርባዋ አጋድሜ እገፋታለሁ። ጠዋት ቢሆን ጃንጥላው አያሳልፋትም ነበር። አሁን ታልፋለች፤ መጀመሪያ ጭንቅላቷ፣ ከዚያ ቀሚሷ፣ መጨረሻ ላይ ግራጫዋ ጫማ። ከሃያ አንዳችን እሷ ወጣች።